ያልጠየቁት ድጋፍ

«ድጋፍ የሚደረገው ለዘመመ ቤት ነው! እኔ ዘምሜያለሁ ወይ? ዐይን ያለህ አንተ ነህ፤ እየኝና ንገረኝ፤ ዘምሜያለሁ?»

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ሌላ ጊዜ «እርስዎ» የሚሉት ሰው በዚያን ቀን «አንተ» እንዳሉት ገብቶታል። እኔም ገብቶኛል። በሩ አጠገብ ደብተሯን ታቅፋ የቆመችው፣ እትዬ የምላት ጸሐፊዋም ገብቷታል።

«ጋሼ፣ ይረጋጉ እንጂ» አለ ኃላፊው። «ደመወዝዎ አልተነካ፣ ደረጃዎ አልወረደ። ጡረታዎ እስኪደርስ ቤትዎ አረፍ ይበሉ ነው የተባለው። ይኼ እኮ ቅጣት አይደለም፤ ድጋፍ ነው።»

«አሁንም ድጋፍ አልክ።»

«እና ምን ልበለው?»

«ባላ በለው። የዘመመ ቤት ጎን የሚተከለውን ባላ። ባላ የተተከለበትን ቤት መንገደኛ ሁሉ ‹ይኼ ሊወድቅ ነው› እያለ ነው የሚያልፈው። እኔ ባላ አልጠየቅኩም፤ መስኮት ነው የጠየቅኩት።»

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ኃላፊው ፊት የተዘረጋችው ባለ ሁለት ገጽ ማመልከቻ የእኔ እጅ ሥራ ናት። ጋሼ እኔ እንደጻፍኳት ያውቃሉ። ምን እንደጻፍኩባት ግን አያውቁም።

ክርክሩ እንዴት እንዳለቀ ከመናገሬ በፊት ስለ ስልክ ቤቷ ልናገር። ከዚያ መሥሪያ ቤት ዛሬም የምትናፍቀኝ እሷ ብቻ ናት።

ከኃላፊው ጋር የሚከራከሩት እኚህ ሰው ቦንጋ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። ሰዉ ሥራቸውን ስም አድርጎ «ማዞሪያው» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ሲሆን «ጋሼ»። የተወለዱት ማንኪራ ነው። ገና በልጅነታቸው ኩፍኝ ዐይናቸውን ወሰደው። አባታቸው ንብ አናቢ ስለነበሩ፣ የቀፎው ድምፅ ሲለወጥ ንቡ ሊሰደድ እንደሆነ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ። በኋላ ራቅ ያለ ከተማ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገቡ። በጣታቸው ማንበብ፣ በጆሯቸው ስልክ ማዞር ተምረው ተመለሱ። ሰው ታሪካቸውን ሲጠይቃቸው ረጅም አያወሩም። «ከቀፎ ወደ ቀፎ ተዛወርኩ» ብለው የስልኩን ቀፎ ብድግ ያደርጋሉ።

እኔ በሃያ ዓመቴ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ያገኘሁትን ወረቀት እያነበብኩ፣ ያነበብኩትን እየተቃወምኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። መዝገብ ቤት ደግሞ የመቀመጥ ሥራ ነው። ስለዚህ ፋይል አደርሳለሁ ብዬ እወጣና መንገዴ ሁሉ ኮሪደሩ መጨረሻ ስልክ ቤት ጋ ያልቃል።

ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ ባለ ቁልፍ የማዞሪያ ሣጥን፣ ጥቁር ቀፎ፣ ከቤታቸው የሚያመጡት የሻይ ፔርሙስ። ኮርኒስ የላትም። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ እንደ ልብ አይወራም፤ ቦንጋ ደግሞ ዝናብ መቼ ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ዝም ብለን እንቀመጣለን። እሳቸው አንድ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ለጥፈው፣ በሌላው ቆርቆሮውን ይሰማሉ።

«ደካ እየዘነበ ነው» ይሉኛል።

«ማን ነገርዎት ጋሼ?»

«መስመሩ። እየተንሿሿ ነው።»

መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከዚያው ከደካ የመጣ መኪና ግቢ ሲገባ ወጥቼ አየሁ፤ ጎማው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። የሚደውለውን ሰው ገና «ሄ…» ሲል ያውቁታል። ከቢታ ገነት የሚደውለውን ሰው ድምፁ የሻከረበት ቀን «ማር በሎሚ ጠጣበት» ብለው ነው የሚያገናኙት። የደወለውን ብቻ ሳይሆን ያልደወለውንም ያውቁ ነበር፤ «ዛሬ የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ቤቱ አልደወለም፤ ተኳርፈዋል ማለት ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛው ስለ በር ነው። «በር ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። ግማሽ በር ግን የዕውር ግንባር ጠላት ነው» ይሉ ነበር። ገርበብ አድርጎት የሚወጣ ሰው ከጀርባው ይጠራል፦ «አንተ! ጨርሰው!» እኔ እንደምመጣ ካወቁ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍተው ይጠብቁኛል። ከሩቅ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ያን ወለል ያለ በር ሳይ፣ ቀኑ የቱንም ያህል ቢከፋ ቀለል ይለኝ ነበር። በሕይወቴ የጠበቀኝ በር ያ ብቻ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ሕግ ስለ አግዳሚ ወንበር ነው። ኮሪደሩ ላይ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለ። ጽዳት ሲሆን ወደዚያ ይገፋል፣ ስብሰባ ሲሆን ወደዚህ ይሳባል። እሳቸው ያለ ምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ እርምጃቸውን ቆጥረውታል። አንድ ጠዋት አግዳሚው መሐል መንገድ ላይ ቀርቶ ቅልጥማቸውን መታቸው። አልተሳደቡም። ቅልጥማቸውን አሽተው፣ «ወንበር ማንቀሳቀስ መብታችሁ ነው። ያንቀሳቀሰ ሰው ግን መጥቶ ይንገረኝ። ሌላ ነገር አልለምናችሁም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጽዳት ሠራተኞቹ ወንበር በገፉ ቁጥር በበሩ በኩል ድምፅ ያሰማሉ፦ «ጋሼ፣ አግዳሚው በግራ ነው!» «ተመዝግቧል!» ይላሉ ከውስጥ።

ግጥሜን የማነበው ለእሳቸው ነበር። የመጀመሪያ አድማጬ እሳቸው ናቸው። ጨካኝ አድማጭ ነበሩ።

«ረዝሟል» ይሉኛል።

«የቱ ጋ ጋሼ?»

«ሁሉም ጋ። ከቢታ ገነት የሚደውል ሰው መስመሩ ሳይቆረጥ ዋናውን ይናገራል። ‹እናታችን ታማለች፣ ና› ይላል። አንተ ግን እናትህ እስክትታመም ድረስ ሦስት ተራራ ታስወጣኛለህ። እኔ ዕውር ነኝ፤ ተራራው ምን ያደርግልኛል?»

ይህን ብለው በሳቅ ይፈነዳሉ። እኔም አኩርፌም ቢሆን እስቃለሁ። ይሁን እንጂ አንጀቴ ውስጥ አንድ ነገር ይቀር ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረጅም ነገር ጽፌ ሰው ባስለቅስ እላለሁ።

የባለጉዳዩን ነገርም ልናገር። ከገጠር የሚመጣው ሰው ብዙው አማርኛው አይሆንለትም፤ የቢሮው ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሹ እንግሊዝኛ። «ፕሮሰሱ አላለቀም» የተባለ ገበሬ ወረቀቱን ገልብጦ እያየ ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። ማዞሪያው ከክፍላቸው ሆነው የአገሩ ቋንቋ ካፊኖኖ ሲወራ ይሰማሉ። «ማን ነው? ወዲህ ና» ይላሉ በዚያው በካፊኖኖ። ሰውዬው ይገባል፤ ከየት ቀበሌ እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ከዚያ ማን ዘንድ እንደሚገባ፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ተነግሮት ይወጣል። ይህ ሥራ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈላቸውም። እኔ ግን መዝገብ ቤት ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ እሳቸው የመሯቸው ሰዎች ፋይል አይመላለስም።

ከዚያ ሞባይሉ ሰውን ሁሉ ያዘ። የማዞሪያው ሣጥን ውሎ ሳይጮህ የሚያመሽበት ቀን በዛ። እሳቸው ግን በሰዓታቸው ይመጣሉ፣ ቀፎውን ያነሳሉ፣ መስመሩ መኖሩን ሰምተው መልሰው ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ሁለት ቴክኒሻኖች መጥተው ሣጥኑን ፈቱት። ጋሼ «ቀፎዋን ልያዛት?» ብለው ጠየቁ። ንብረት ክፍል አልፈቀደም። ሽቦ የወጣበትን የግድግዳ ቀዳዳ በጣታቸው ሲዳስሱ አየሁና ፊቴን አዞርኩ።

ወዲያው ድልድል መጣ። የሠራተኛ ድልድል ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሰው እንደ ፈተና ውጤት ይጋፋበታል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

«ምን ይላል?»

«ተንሳፋፊ ይላል ጋሼ።»

ምደባ ያላገኘ ሠራተኛ የቢሮ ስሙ ይህ ነው።

«እኔ ዋና አልችልም እኮ» አሉ። «ማንኪራ ያደግኩት ጫካ ውስጥ ነው።»

ሰሌዳው ጋ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ወደ ስልክ ቤቷ ስንመለስ ግን እጃቸው ክንዴን ያዘ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ይዘውኝ አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉ። የሚፈልጉትን ያውቁታል። መግቢያው በር አጠገብ አንዲት የእንግዳ መቀበያ መስኮት አለች፤ ዓመት ሙሉ ሰው ሳይቀመጥባት አቧራ ጠጥታለች። እንዲህ ብለው አስጻፉኝ፦

«ማዞሪያው ተነሥቷል፤ እኔ ግን አልተነሣሁም። በሩ አጠገብ ያለችውን መስኮት ስጡኝ። አማርኛም ካፊኖኖም እችላለሁ። የሁሉንም ክፍልና የሁሉንም ሠራተኛ ሥራ አውቃለሁ። የምጠይቀው ነገር ቢኖር ወንበር ስታንቀሳቅሱ እንድትነግሩኝ ብቻ ነው።»

«አለቀ?» አልኳቸው።

«አለቀ። ምን ቀረው?»

በዚያን ምሽት ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ በንጹህ ልገለብጠው ተቀመጥኩ። አነበብኩት። በጣም አጭር ነው። ደረቅ ነው። ይህን አንብቦ ማን ያዝንላቸዋል? አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። የጨመርኩት ሌላ ጠራ። «የብርሃን ጭላንጭል ሳላይ የኖርኩ» አልኩ። «በደከመ ጉልበቴ ግድግዳ እየዳበስኩ» አልኩ። «በዕድሜዬ ምሽት ድጋፍ የምሻ ምስኪን» አልኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። መስኮቷ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከምስጋናው በላይ፣ በግማሽ መስመር ቀረች። ሳነበው ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ ችሎታ፣ ዛሬም በቅጡ አልለየሁትም። እሳቸው አንድም ቀን በዳበሳ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ከእኔ ፈጥነው ነው የሚራመዱት።

ጠዋት ይዤው ሄድኩ። በሩ እንደ ወትሮው ወለል ብሏል።

«አንብብልኝ» አሉ።

እኔም በቃሌ የያዝኩትን፣ የእሳቸውን አምስት ዐረፍተ ነገር፣ ወረቀቱን እያየሁ አነበብኩላቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ጎበዝ። አሳጠርከው» አሉ ፈገግ ብለው። «የት ልፈርም?»

እንደ ሁልጊዜው የመታወቂያቸውን ጠርዝ መስመሩ ላይ አስቀምጬ ጣታቸውን መራሁት። ፈረሙ።

የድልድል ኮሚቴው ማመልከቻውን ጮክ ብሎ እንዳነበበው የነገረችኝ እትዬ ናት። «ሰዉ እኮ አለቀሰ» አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ውሳኔው ወጣ፦ ሥራ መሥራት እንደማይችሉ ከማመልከቻቸው ስለተረዳን፣ ቤታቸው ሆነው ደመወዛቸው ይድረሳቸው፤ ይህም ድጋፍ ነው። ያለቀሰው ሰው ሁሉ ተስማምቶ ፈረመበት።

እነሆ ያች ክርክር የተጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው።

«መስኮቷን ለምን ከለከላችሁኝ? እሱን ብቻ ንገረኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ እንግዳ መመዝገብ አለበት። መጻፍ ይጠይቃል።»

«የሚመዘግበው የበር ጥበቃው ነው። ዛሬም እንግዶች ሲገቡ መዝግቧል፤ ባለፍኩ ቁጥር ብዕሩ ሲጭር እሰማለሁ። መስኮቷ ላይ የሚያስፈልገው የሚመራ ሰው ነው።»

«እሺ፤ ግን እኔ አይደለሁም ያልኩት። ራስዎ ነዎት።» ኃላፊው ወረቀቱን አነሳ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእውነት ግራ የገባው ይመስላል። «ይኸው ‹በደከመ ጉልበቴ ግድግዳ እየዳበስኩ› ብለዋል። እንዲህ ያለን ሰው በር ላይ አስቀምጬ ቢወድቅብኝስ? ጨካኝ አልባልም?»

«ማን ነው የዳበሰው?»

«እርስዎ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እሳቸው ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ጥጉ አዞሩ፤ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ያለሁበትን ግን ያውቃሉ።

«ገጣሚው።»

«አቤት ጋሼ።»

«ተቀብለህ አንብብልኝ። የተጻፈውን።»

አነበብኩ። ሌሊት ሲጻፍ እንደ ወንዝ የፈሰሰው ነገር በጠራራ ቀን ቃል በቃል እየተንጠባጠበ ወጣ። «ምስኪን» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ቀጥል።»

ቀጠልኩ። እስከ ምስጋናው ድረስ አስነበቡኝ። እትዬ ደብተሯን ፊቷ ላይ አድርጋለች።

«ያኔ ያነበብክልኝስ?»

«እሱ… የእርስዎ ነበር። ይኼ የእኔ ነው። ልረዳዎ ብዬ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ተራራ አወጣኸኝ። መስመሩም ተቆረጠ።»

ከበሩ ውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ በካፊኖኖ ለራሷ የምታጉረመርም ትመስላለች። ማዞሪያው ጆሯቸውን አቀኑ።

«ይህች ሴት ከደካ ነው የመጣችው» አሉ ለኃላፊው፣ የምትለውን ሰምተው ሲጨርሱ። «ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ክፍል ተልካለች። አሁን ‹ወደ ቤቴ ልመለስ፣ ምሳዬን ማን ያበላኛል› እያለች ነው። የምትፈልገው የባሏን የሞት ማስረጃ ነው፤ እናንተ ጋ አይደለም፤ ማዶ ያለው ቢሮ ጋ ነው። ይህን የሚነግራት ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስንት አለ?»

ኃላፊው እትዬን አየ።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ሁለቱን ጊዜ የላክኋት እኔ ነኝ። የምትለው አልገባኝም።»

ኃላፊው ግንባሩን አሸ። መስኮቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ሁለቱን ገጽ ከእጄ ተቀብሎ አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው።

«እንግዲህ ኮሚቴው የወሰነው በዚህ ነው። ሌላ ማመልከቻ ከገባ እንደገና ይታያል። እስከዚያ…» መሳቢያውን ዘጋ። «እስከዚያ ለጊዜው መስኮቷ ላይ ይቀመጡ። ለጊዜው ነው ያልኩት።»

«ሰው ሁሉ ለጊዜው ነው» አሉ። ወደ «እርስዎ» ተመልሰው ነበር። «እግዜር ይስጥልን። አሁኑኑ ላስጽፍና ይያዙልኝ።»

እኔ ብዕሬን ከኪሴ አውጥቻለሁ። የብዕሩን ክዳን ስከፍት «ጠቅ» ሲል ሰሙት።

«አንተ ሳትሆን እሷ» አሉ።

እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አምስቱን ዐረፍተ ነገር አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ከመጀመሪያው አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ስትጨርስ አነበበችላቸው። ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቁ። ለእኔ አንድም ቀን ድገም ብለውኝ አያውቁም። ከዚያ መታወቂያቸውን አወጡና ጠርዙን መስመሩ ላይ አስቀመጠችላቸው።

«እዚህ ጋ ነው ጋሼ።»

ፈረሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ የምፈርመውን የምታነብልኝ አንቺ ነሽ» አሏት። ኮሌታቸውን አስተካከሉና ተነሡ።

እኔ በሩን ልከፍትላቸው ተንደረደርኩ። እጄ እጀታው ላይ ሳይደርስ ሰሙኝ።

«ተወው። የት እንዳለ አውቃለሁ።»

አልፈውኝ ሄዱ። እጀታውን ሳይፈልጉ አገኙት። ከደካ የመጣችውን ሴት በካፊኖኖ ሲጠሯት ሰማሁ፤ እሷም ስትደነቅ፣ ከአግዳሚው ስትነሣ። ለእኔ በራቸውን ወለል አድርገው ይከፍቱ የነበሩት ሰው ዘወር ብለው ይህን በር ከውጭ ሳቡት። ግማሽ ላይ አልተዉትም፤ እስከ መጨረሻው ተዘጋ።